«ስታድግ ይጠፋል» የተባለው የጉልበት ሕመም በ22 ዓመት ሲቀጥል

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 22 ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የሴራሚክ ንጣፍ ሥራ እሠራለሁ። በ13 ዓመቴ ገደማ ከትምህርት ቤት ስመለስ በየቀኑ ኳስ እጫወት ነበር። ያኔ ከቀኝ ጉልበቴ በታች አጥንቴ አበጠ። ሐኪም አይቶኝ "የዕድገት ነው፣ ስታድግ ይጠፋል" አለ። ወጌሻም አሽቶኛል። እብጠቱ ጠንክሮ ቀረ እንጂ አልጠፋም። አሁን ስንበረከክ እዚያው ላይ ይወጋኛል። ከአራተኛ ፎቅ ስወርድና ታክሲ ውስጥ ብዙ ስቀመጥ ደግሞ የጉልበቴ ፊት ይጠዘጥዘኛል። በቅርቡ ደም ተመርምሬ ሪህ ነው ተባልኩ፣ በየወሩ መርፌ ታዘዘልኝ፣ ገና አልጀመርኩም። እናቴ ብርድ ነው ትላለች። ጓደኛዬ አጥንቱን አስወጣው ይለኛል። ይረፍልኝ ብዬ ኳስ ከተውኩ ሦስት ዓመት ሆነኝ፣ ለውጥ የለም። ምን ይሻለኛል?»

ምላሽ፦ ከጻፍከው ስነሳ ይህ ሪህም ብርድም አይመስልም። በ13 ዓመትህ የያዘህ ኦስጉድ ሽላተር የሚባለው የጉልበት ችግር ነው ብዬ አምናለሁ። ስሙ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1903 በየፊናቸው ከገለጹት ሁለት ሐኪሞች ነው፤ አንዱ የቦስተኑ ሮበርት ኦስጉድ፣ ሌላው የዙሪኩ ካርል ሽላተር። ስፖርት በሚወዱ ልጆች ላይ በጣም የተለመደ ነው። ወንዶችን አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 ዓመት፣ ሴቶችን ትንሽ ቀደም ብሎ ይይዛል።

የሆነው ይህ ነው። የጭንህ የፊት ጡንቻ ወደ ታች ይወርድና ሎሚ የምንለውን ክብ አጥንት ያቅፋል። ከዚያ በአንድ ወፍራም ጅማት የቅልጥም አጥንትህ አናት ላይ ይያያዛል። ጅማቱ የሚያያዝባት ጉብታ በልጅነት ገና ሙሉ አጥንት አልሆነችም፤ ከፊሏ ልም አጥንት ነው። በዚያ ዕድሜ አጥንት በፍጥነት ይረዝማል፣ ጡንቻው ይወጠራል። በዚያ ላይ በየቀኑ ሩጫ፣ ዝላይና ምት ሲጨመር ጅማቱ ጉብታዋን ደጋግሞ ይስባታል። በሥራህ እንደምታውቀው፣ ማጣበቂያው ሳይደርቅ ሴራሚኩን ብትነካካው ቦታውን ይለቃል። የአንተም ጉብታ ሳትጠነክር ተነካካች። ሰውነትህ የተሳበውን ክፍተት በአዲስ አጥንት ሞላው። እብጠት የምትለው እሱ ነው። አጥንት ስለሆነ በማሸት፣ በቅባትም ሆነ በመድኃኒት አይሟሽሽም።

«ስታድግ ይጠፋል» ያለህ ሐኪም አልዋሸህም፣ ግን ግማሹን ነው የነገረህ። ዕድገት ሲያበቃ ጉብታዋ ትጠነክራለች፣ መሳቡም ይቆማል። የአብዛኛው ልጅ ሕመም ያኔ ይቀንሳል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመ አንድ የክትትል ጥናት ሌላም ነገር አሳይቷል። ሳይታከሙ ካደጉት ውስጥ 76 በመቶው የሚከለክለን ነገር የለም ብለዋል። ያም ሆኖ ብዙዎች ሲንበረከኩ ይቆጠቁጣቸው ነበር። በዴንማርክ በቅርብ ዓመታት በተደረገ ሌላ አነስተኛ ጥናትም ሕመሙ ከታወቀ ከአራት ዓመት ገደማ በኋላ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አሁንም ያማቸው ነበር። ስለዚህ አንተ ብርቅ አይደለህም፤ ጉልበትህም የተለየ ክፉ ነገር አልያዘውም። «ዝም ብለህ ጠብቅ» ተብለው ካደጉት ብዙዎች አንዱ ነህ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የጻፍክልኝ አንድ ሕመም አይደለም፣ ሁለት ናቸው። ቁጭ በልና የሚያምህን ቦታ በአንድ ጣት ብቻ ለማሳየት ሞክር። ስትንበረከክ የሚወጋህን በትክክል እብጠቱ ላይ ታስቀምጠዋለህ። ደረጃ ስትወርድና ታክሲ ውስጥ ስትቀመጥ የሚጠዘጥዝህን ግን በአንድ ጣት ማሳየት ያቅትሃል፤ በመዳፍህ ሎሚውን ትሸፍናለህ። የመጀመሪያው የድሮው ጉብታ ነው። ሁለተኛው ሎሚው ከጭን አጥንት ጋር የሚገናኝበት ቦታ ሲቆጣ የሚመጣ ሕመም ነው። በወጣቶች ላይ እጅግ የተለመደ ነው። ዋና ምክንያቱም ጡንቻው ከሚሸከመው ጭነት አንጻር መድከሙ ነው። ደረጃ መውረድ ሎሚው ላይ ከሰውነት ክብደት በላይ የሆነ ጫና ያሳርፋል። ያንን ጫና ተቀብሎ የሚያበርደው የጭን ጡንቻ ነው። አንተ ደግሞ ያንን ጡንቻ ሦስት ዓመት አሳረፍከው።

እዚህ ላይ ጠበቅ ልበል። ዕረፍት ሕክምና የሚሆነው ለቀናት ነው፣ ቢበዛ ለጥቂት ሳምንታት። ከዚያ ካለፈ ጡንቻው ይሳሳል፣ ጅማቱም ጭነት መልመድ ይረሳል። ከዚያ በኋላ ትንሹም ነገር ያምሃል። ስላመመህ ደግሞ የበለጠ ታርፋለህ። ከዚህ አዙሪት የሚወጣው በማረፍ አይደለም። ሁለቱን ጭኖችህን በሜትር ለካቸው። ከሎሚው በላይ አንድ ስንዝር ያህል ወጣ ብለህ ለካ። የቀኙ ቀጥኖ ብታገኘው አይግረምህ።

ስለ ሪህ። በእኛ አገር ሪህ ሲባል ሁለት የማይገናኙ በሽታዎች ይደባለቃሉ። አንደኛው ዩሪክ አሲድ የሚያመጣው ነው። እሱ በ22 ዓመት ወጣት ላይ እምብዛም አይታይም። ሲመጣም ድንገት ነው፣ ብዙውን ጊዜ ሌሊት፣ ቀልቶና አብጦ፣ አንሶላ እንኳ አያስነካም። ሁለተኛው ከጉሮሮ ሕመም በኋላ የሚመጣውና ልብን የሚጎዳው ነው። እሱ በአብዛኛው ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆችን ይይዛል። ትኩሳት አለው፤ መገጣጠሚያው ያብጣል፤ ሕመሙ ከአንዱ መገጣጠሚያ ወደ ሌላው ይዘዋወራል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ቦታ ላይ ተተክሎ አይቀመጥም።

በየወሩ መርፌ የታዘዘልህ «ኤኤስኦ» የሚባለው የደም ምርመራ ከፍ ብሎ ከሆነ፣ ያ ውጤት የሚናገረው በሆነ ጊዜ የጉሮሮ ኢንፌክሽን አምጪ ባክቴሪያ አግኝቶህ እንደነበር ነው። የጉሮሮ ሕመም በበዛበት አገር ብዙ ጤነኛ ሰው ከፍ ያለ ውጤት ይኖረዋል። ብቻውን ሪህን አያረጋግጥም። ስለዚህ መርፌውን ከመጀመርህ በፊት በምን ማስረጃ እንደታዘዘ ጠይቅ። የውስጥ ደዌ ሐኪም ልብህን ያዳምጥ፣ ካስፈለገም የልብ አልትራሳውንድ ይታይ። ይህን የምታነቡ ሌሎች ግን ልብ በሉ፦ የልብ በር (ቫልቭ) ችግር ተገኝቶባችሁ ወይም የሪህ ትኩሳት በሐኪም ተረጋግጦ በየወሩ ፔኒሲሊን የምትወጉ ከሆነ፣ ይህን ጽሑፍ አይታችሁ እንዳታቋርጡ። ያ መርፌ ልባችሁን የሚጠብቅ ነው።

የእናትህ «ብርድ ነው» ከእውነት የራቀ አይደለም፣ ግን ምክንያቱ ሌላ ነው። ብዙ ሰው በክረምት መገጣጠሚያው ይበልጥ ሲቆረጥመው ይሰማዋል። ሙቀት ያዝናናል። ሞቅ ያለ ጨርቅ ጉልበትህ ላይ ብታደርግ የሚጎዳህ ነገር የለም። ብርድ ግን ጉብታህን አላመጣውም፣ ሙቀትም አያጠፋውም። ወጌሻን በተመለከተ፣ ጡንቻ ማሸት ጊዜያዊ እፎይታ ይሰጣል። ጉብታውን በአውራ ጣት መጫንና «ወደ ቦታው መመለስ» ግን ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም። በተለይ ዕድገቱን ያልጨረሰ ልጅ ካላችሁ እዚያ ቦታ ላይ እንዳታሳሹ። ልጅህ ወይም ታናሽ ወንድምህ ዛሬ በ12 ዓመቱ ይኸው ቢጀምረው፣ ኳሱን ጨርሶ አታስተወው። የጨዋታውን ቀን ቀንስለት፣ ሕመሙን እያየ ጭኑን ያጠንክር።

ከመቀጠሌ በፊት ማስጠንቀቂያ አለኝ። ጉልበት አካባቢ የሚሰማ ሁሉ የዕድገት ሕመም አይደለም። ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስህና ስታርፍም የማይተውህ ሕመም ካለ፣ እብጠቱ በሳምንታት ውስጥ እያደገ ከሄደ፣ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም ያለ ምክንያት መክሳት ከመጣ ሳትውል ሳታድር ሆስፒታል ሂድ። በወጣቶች ላይ የሚከሰት የአጥንት ካንሰር በብዛት የሚነሳው ጉልበት አካባቢ ነው። የመገጣጠሚያ ቲቢም በአንድ ጉልበት ላይ ቀስ ብሎ ይጀምራል። ጉልበቱ ሙሉ በሙሉ ካበጠ፣ በድንገት ከተቆለፈና አልዘረጋ ካለ፣ ወይም እየከዳህ ከጣለህም መታየት አለብህ። ልጆች ላይ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ጉልበቴን እያለ የሚያነክስ ልጅ ችግሩ ዳሌው ላይ ሊሆን ይችላል። ጉልበቱን አይቶ ዳሌውን ያላንቀሳቀሰ ምርመራ ጎዶሎ ነው።

አንተ ከጠቀስከው ውስጥ ከእነዚህ አንዱም የለም። ቢሆንም ዘጠኝ ዓመት የቆየ ሕመም አንድ ጊዜ ራጅ ይገባዋል። ከጎን በኩል የተነሳ ራጅ ይበቃል። የምንፈልገው ጅማቱ ውስጥ ተነጥላ የቀረች ትንሽ የአጥንት ቁራጭ መኖሯን ማወቅ ነው። ለኤምአርአይ አሁን ገንዘብህን አታውጣ። ኤምአርአይ ምንም የማያማቸው ሰዎች ጉልበት ላይ እንኳ ብዙ «ችግር» ያሳያል። ወረቀቱን ያነበበ ወጣት ደግሞ ይፈራል፣ ፈርቶም ይተኛል።

ሕክምናው ጡንቻውን በልክ ማሠራት ነው። ጀማሪው መልመጃ ግድግዳ ተደግፎ መቆየት ነው። ጀርባህን ግድግዳ ላይ አስደግፍ፣ እግሮችህን ወደ ፊት አውጣ፣ ጉልበትህ ለወንበር መቀመጥ ግማሽ መንገድ እስኪታጠፍ ውረድ። እዚያው ከ30 እስከ 45 ሴኮንድ ቆይ። አንድ ሁለት ደቂቃ አርፈህ ድገመው፣ በጠቅላላ አምስት ጊዜ። መንቀሳቀስ ስለሌለው ጉልበቱን ብዙም አያስቆጣውም፤ ብዙዎችም ወዲያው ቀለል ይላቸዋል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወይም ሦስት ሳምንታት በየቀኑ ይህን ሥራ።

ቀጥሎ እንቅስቃሴ ይገባል። ከወንበር ላይ በቀስታ መነሳትና መቀመጥ፣ ከዚያ የኮንዶሚኒየምህ ደረጃ ላይ በቀኝ እግርህ መውጣትና መውረድ። ዋናው ፍጥነቱ ነው፤ ለመውጣት ሦስት ሴኮንድ፣ ለመውረድ ሦስት ሴኮንድ። 12 ጊዜ ሠርተህ እረፍ፣ ሦስት ዙር። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በመካከሉ የዕረፍት ቀን እየተውክ። 12ቱ ሲቀልህ ክብደት ጨምር። ጂም የግድ አይደለም። የጀርባ ቦርሳ ውስጥ ውሃ የሞላ ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ክተት፤ አንዱ ሁለት ኪሎ ነው። በየሳምንቱ ጨምር። ክብደቱ ሲከብድ ቁጥሩን ወደ ስምንት አውርደው። የዳሌ ጡንቻም አይረሳ፤ በጎንህ ተኝተህ የላይኛውን እግር ቀጥ አድርገህ ማንሳት፣ በጀርባህ ተኝተህ ጉልበትህን አጥፈህ መቀመጫህን ማንሳት። ሎሚው አካባቢ ላለው ሕመም የዳሌ ጥንካሬ በጣም ይጠቅማል።

«ሲያመኝ ልተወው?» የሚለው ጥያቄ ሁሌም ይመጣል። ሕመምህን ከ0 እስከ 10 ገምተው። እስከ 3 ድረስ ከሆነ ቀጥል፣ አይጎዳህም። ትልቁ ፈራጅ የነገው ጠዋት ነው። ስትነሳ ጉልበትህ እንደወትሮው ከሆነ ልክ ሠርተሃል። ከትናንቱ ብሶ ካደረ ጭነቱን ቀንስ እንጂ መልመጃውን አትተው። ለውጡን በሳምንት አትጠብቀው። በ12 ሳምንት ለካው። በዴንማርክ ከ10 እስከ 14 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ይህን የመሰለ የ12 ሳምንት ፕሮግራም ተሞክሮ 80 በመቶ ያህሉ በጣም ተሽሏቸዋል። ወደ ስፖርት በሙሉ አቅም መመለስ ግን ለብዙዎቹ ከዚያም በኋላ ወራት ወስዷል። አንተ ከእነሱ በዕድሜ ስለምትበልጥ ቁጥሩ እንዳለ አይሠራልህም፤ አካሄዱ ግን ያው ነው።

ሥራህ ግን ያሳስበኛል። ቀኑን ሙሉ በቀጥታ ጉብታው ላይ እየተንበረከክ የሚሻል ጉልበት የለም። ወፍራም የጉልበት መከላከያ ግዛ። ካልተገኘ ጠንካራ ስፖንጅ ቁረጥና ጉብታው በሚያርፍበት ቦታ ላይ ክብ ቀዳዳ አውጣለት። ክብደትህ ዙሪያውን ይረፍ፣ ጉብታው አየር ላይ ይቅር። ይህች ትንሽ ነገር ብዙ ለውጥ ታመጣለች። ሲቻል በግራ ጉልበትህ ብቻ ተንበርክከህ ቀኙን እግር አቁመው። ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ተቀምጠህ የሚሠራውን ተቀምጠህ ሥራ። በየ20 ደቂቃው ተነስተህ ጥቂት ተራመድ። ለሕማማት ስግደትም ሆነ ለሶላት ይኸው ነው፤ ከጉልበትህ ሥር ወፈር ያለ ነገር አድርግ፤ በጣም ሲብስብህ የሃይማኖት አባትህን አማክር፣ ለታመመ ሰው መላ አለው።

የሕመም ማስታገሻን በተመለከተ፣ ሲብስብህ ጉልበትህ ላይ የሚቀባ የዳይክሎፌናክ ጄል መጠቀም ትችላለህ። የሚዋጠውን ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ግን ከፋርማሲ እየገዛህ ወር ከወር አትዋጥ። ጨጓራን ያቆስላል፣ ኩላሊትን ይጎዳል። ጨጓራ ካለብህ ጭራሽ ሐኪም ሳታማክር አትንካው። ጉብታው ላይ ወይም ጅማቱ ላይ ስቴሮይድ መርፌ ልውጋህ የሚልህ ካለ እምቢ በል። ጅማቱን ሊያዳክም፣ አልፎም ሊበጥስ ይችላል። ከላዩ ያለው ቆዳ ይሳሳል፣ ቀለሙም ነጣ ብሎ ይቀራል። ከሎሚው በታች የሚታሰረው ቀጭን ማሰሪያ አንዳንዱን ሰው ያሳርፋል። ሥራ ላይ ብትሞክረው ክፋት የለውም፣ ካልተሰማህ ተወው። በረዶም እንዲሁ።

ኦፕሬሽኑስ? ጓደኛህ የሚለው ሕክምና አለ። ተነጥላ የቀረችውን ቁራጭ ያወጣሉ፣ ጉብታውንም ይሞርዱታል። ግን የሚሠራው ለጥቂት ሰው ነው። ዕድገቱን የጨረሰ፣ ራጁ ላይ ቁራጭ የታየበት፣ ሕመሙ በትክክል እዚያች ቦታ ላይ የሆነ፣ ቢያንስ ስድስት ወር በእውነት ሠርቶ ያልተሻለው ሰው መሆን አለበት። አንተ ገና አልሠራህም። በዚያ ላይ ሁለት ነገር እወቅ። ጠባሳው ራሱ ሲንበረከኩበት ሊቆጠቁጥ ይችላል፣ ሴራሚክ ለሚያነጥፍ ሰው ይህ ቀላል አይደለም። ሌላው፣ ኦፕሬሽኑ የጉብታውን ሕመም ቢያስወግድ እንኳ ደረጃ ስትወርድ የሚጠዘጥዝህን አይነካውም። ከሦስት ወር በኋላ እዚያው ታክሲ ውስጥ ጉልበትህን ይዘህ ትቀመጣለህ።

መድረስ የምንችልበትንም ልንገርህ። ጉብታው ዕድሜ ልክህን ይኖራል፤ የመልክ ነገር ነውና አያስጨንቅህ። ባዶ ሲሚንቶ ላይ ያለ ምንም ምቾት መንበርከክ ምናልባት መቼም ደስ አይልህም። ደረጃው፣ ታክሲው፣ ሩጫውና ኳሱ ግን የሚመለሱ ናቸው ብዬ እጠብቃለሁ።

ምክሬ ይህ ነው። በዚህ ሳምንት ከጎን የተነሳ ራጅ ተነሳ፣ የመርፌውንም ጉዳይ ከውስጥ ደዌ ሐኪም ጋር ጨርስ። ጥቁር አንበሳን ጨምሮ ትላልቅ የመንግሥት ሆስፒታሎች የፊዚዮቴራፒ ክፍል አላቸው፤ አንድ ጊዜ ሄደህ መልመጃውን በዓይናቸው ፊት ሥራ፣ ስህተትህን ያርሙልሃል። ከዚያ 12 ሳምንት ሳታቋርጥ ሥራ። ሲያበቃ ወንበር ላይ ተቀምጠህ በአንድ እግር ብቻ ተነሳ። ቀኙ ከግራው እኩል 10 ጊዜ ካነሳህና ሕመሙ ከ3 ካላለፈ ዱብ ዱብ ማለት ጀምር። አንድ ደቂቃ ሮጠህ አንድ ደቂቃ ተራመድ። ቀጥሎ ቀጥ ያለ ሩጫ፣ ከዚያ መታጠፍ፣ ከዚያ ኳስ መምታት፣ መጨረሻ ላይ ጨዋታ። አስፋልት ላይ አትጀምር፣ ሣር ወይም አፈር ሜዳ ፈልግ። በስድስት ወር ጉብታው ላይ ያለው ሕመም ብቻ ንቅንቅ ካላለና ራጁ ላይ ቁራጭ ታይቶ ከሆነ፣ ያኔ ራጅህንና የሠራህበትን ማስታወሻ ይዘህ የአጥንት ሐኪም ጋ ሂድ።